የእናቴ ታፔላ ጀርባ

የእናቴ ልብስ ስፌት ቤት ታፔላ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተሰቅሎ ኖሯል። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ወገበ ቀጭን ሴት፣ ከጎኗ በቁመት የሚስተካከላት መቀስ፣ ከላይ ደግሞ በቢጫ ቀለም «ዘመናዊ የሴቶችና የሕፃናት ልብስ ስፌት» የሚል ጽሑፍ አለበት። ሴትዮዋ በግራ እጇ ላይ ስድስት ጣት አላት። ልጅ ሳለሁ ቆጥሬ ለእናቴ ስነግራት፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ስፌት ለሚሠራ ሰው አንድ ትርፍ ጣት አይጎዳም» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና በሰፈራችን ያሉ የቆርቆሮ ታፔላዎች በሙሉ ይውረዱ፣ በታተመ አንድ ዓይነት ታፔላ ይተካሉ ተባለ። አርብ ከሰዓት መሰላል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። እናቴ በዕድሜዋ መሰላል ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ከሥር ይዛልኝ የመሰላል አወጣጥ ታስተምረኛለች። «ፊቱን ወደ ውጭ እንዳደረግሽ አውርጂው፣ እንዳታዞሪው» አለችኝ። ቀለሙ እንዳይጫርባት የፈራች መሰለኝ። የመጨረሻው ሚስማር ሲነቀል ግን ቆርቆሮው ከበደኝና እጄ ላይ ዞረ፤ ጀርባው አፍንጫዬ ሥር መጣ።

ጀርባው ላይ ሥዕል አለ። ጥቁር የቡና ጫካ ነው፤ ጥቁር ስል አንድ ወጥ ጥቁር አይደለም፤ ቡኒ የገባበት፣ አረንጓዴ የገባበት፣ ዝናብ የበላው ቅጠል ዓይነት ጥቁር ነው። ከየዛፉ ላይ ፊደሎች ይወርዳሉ። እግር አላቸው፣ ጥርስ አላቸው፤ እንደ ጉንዳን በሰልፍ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተረማመደ ይመጣሉ። መሃል ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። አፏ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ቀሚሷ ላይ ከአንገት እስከ ጫፍ ዓይን ተደርድሮበታል፤ የቀሚሱ ዓይኖች ሁሉ ፈጠው ያያሉ፣ የፊቷ ዓይኖች ግን ተጨፍነዋል። ከፊደሎቹ ቀዳሚዎቹ ጫማዋ ላይ ደርሰዋል።

«በኢየሱስ ስም» አለች እናቴ ከሥር። መሰላሉን ለቀቀችው፤ እግዚአብሔር ነው የጠበቀኝ። እንደምንም ታች እንዳወረድነው የገበር ጨርቅ ጎትታ ሸፈነችው፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቁልፍ መትከሏን ቀጠለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሥዕል ማለት ለእኔ የሚያምር ነገር ማለት ነበር። ትምህርት ቤት የአበባ ማስቀመጫ ሥለናል፤ ከአሥር አሥር ያገኘሁት በማስመሪያ ስለሣልኩት ነው። ሳሎናችን ውስጥ ፏፏቴ ያለበት የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ዓመቱ ካለፈ ቆየ፣ እናቴ ግን ፏፏቴው አላለፈበትም ብላ አታወርደውም። ሥዕል ሊያስፈራ፣ አስፈርቶም እንደገና ልየው ሊያሰኝ እንደሚችል የነገረኝ ሰው የለም። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ጨርቁን ገልጬ አየሁ፣ በስልኬም አነሣሁት። ሦስተኛው ላይ ተያዝኩ።

እናቴ ፍርዷን እዚያው ሰጠች። ሐሙስ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ተራው የእኛ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት ይህ ነገር ከቤት መውጣት አለበት። ረቡዕ ብየዳ ሠራተኛው ይመጣል፤ ቆርቆሮውን ቆርጦ የሽንት ቤታችንን በር ይጠግንበታል። ደግሞም አይባክንም።

«እማዬ፣ ይሄን የመሰለ ሥዕል ለሽንት ቤት?»

«ሥዕል ነው? ሰይጣን ነው እንጂ።»

የሴቶች ኅብረቱ ለእናቴ ቀላል ነገር አይደለም። ከደቡብ ከአባቴ ጋር ቡና ሥራ ፍለጋ ስትመጣ ዘመድ አልነበራትም፤ አባቴ የሞተው እኔ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመዶቿ እነዚያ ሴቶች ናቸው። ቃሉንም የምታነብላቸው እሷ ናት። ሌሎቹም ያነባሉ፣ እንደ እሷ ግን የለም፤ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደግሞ አሉ፣ የማንበብ ተራ ሲደርሳቸው ሁልጊዜ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነው የሚገኙት። እንደዚህ ያለ ጉድ በእናቴ ግድግዳ ላይ እንደኖረ ቢያዩ ምን እንደሚሉ አስቤ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን አንድ ሰዓት አልቆየም።

«ማን ነው የሣለው?» አልኳት።

«ሞቷል። ድሮ ነው የሞተ። ነፍሱን ይማር።»

እኛ ጴንጤዎች ለሞተ ሰው ነፍሱን ይማር አንልም። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ስድስት ጣት ያለው ሰው ሌላም ታፔላ ላይ አይቻለሁ። ሰዓሊው ቢሞትም ሌሎቹ ጀርባዎች አልሞቱም፤ ምናልባት የሰዓሊውን ነገር የሚያውቅ፣ እናቴንም ሐሳቧን የሚያስቀይር ነገር የሚነግረኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ሥራዬ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ለአንድ ቡና ነጋዴ ነው የምሠራው፤ በጅማ ዙሪያ ባሉ ከተሞች እየዞርኩ ከየማጠቢያ ጣቢያው የቡና ናሙና እሰበስባለሁ። አንገቴ ላይ መታወቂያ አንጠለጥላለሁ፣ እጄ ላይ ቅጽ የተቆነጠጠበት ሰሌዳ እይዛለሁ። ይህን አለባበስ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ ያደረገኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ወደ ደዶ ሄድኩ። እዚያ አንድ ወፍጮ ቤት ታፔላ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው ተሥሏል፤ ጆንያውን የያዘበት እጅ ስድስት ጣት አለው። ሰው ወደ ገበያ ሲተራመስ ጠብቄ ስልኬን በታፔላውና በግድግዳው መሃል አሾልኬ አነሣሁ። የወጣውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ወፍጮው አፍ አለው። ጨረቃን እያኘከ ከሥሩ ጥቁር ዱቄት ያፈሳል፤ ሰዎች ቁና ይዘው ተሰልፈዋል፣ ቁናዎቹ ግን ታቻቸው ቀዳዳ ነው። ቆሜ ሳቅኩ። ከፍርሃትና ከደስታ የትኛው እንዳሳቀኝ አልለየሁትም። ፎቶውን ከእናቴ ታፔላ ፎቶ ጋር አድርጌ የሥራ ባልደረቦቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። አንዱ እብደት ነው ለማለት «ሽፍት ነው» ብሎ ጻፈ፣ ሌላዋ የምታለቅስ ፊት ላከች። ኮራሁ፣ ራሴ የሣልኩት ይመስል።

ሰኞ አጋሮ ሄድኩ፣ ለሥራ። አንድ ጸጉር ቤት ታፔላ ላይ አገጩን በእጁ የደገፈ ጎረምሳ አለ፤ ስድስት ጣት። ስልኬን በጀርባው አሾለክሁ። የታረሰ ማሳ ነው፤ በቦዩ ሁሉ እንደ ጥቅል ጎመን የሰው ራስ በቅሏል፣ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከላይ ከደመናው ውስጥ መላጫ ይወርዳል። ፎቶውን እያየሁ ፈዝዤ ሳለሁ ጸጉር ቆራጩ ወጣ። በግምት የእናቴ እኩያ ነው።

«አቤት እህቴ፣ ምን ነበር?»

«ታፔላውን እያየሁ ነው» አልኩት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ ግን አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ሰሌዳ ያለ ሴት ታፔላ እያየሁ ነው ካለች፣ የሰማ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። ታፔላ ለክታ ግብር ልትጥል የመጣች ናት። ጸጉር ቆራጩ ፈገግ ብሎ «ትንሽዬ ናት እኮ፣ ሜትርም አትሞላ» አለኝ። ትንሽ አይደለችም፣ በጣም ቆንጆ ናት አልኩት። ፈገግታው ጠፋ።

ከማጠቢያው ጣቢያ ናሙናዬን ይዤ ከምሳ በኋላ ስመለስ መንገዱ ላይ ታፔላ የሚባል ነገር የለም። ሻይ ቤቱ አውርዷል፣ ጎሚስታው አውርዷል፣ አንዲት የሸቀጥ ባለ ሱቅ ወንበር ላይ ወጥታ የራሷን ስትነቅል ደረስኩ፤ እኔን ስታይ ወንበሩ ላይ እንዳለች ሰላምታ ሰጠችኝ። በአንድ ምሳ ሰዓት አንድ ከተማ ስም አልባ አደረግሁ።

ወደ ጸጉር ቤቱ ሮጥኩ። ታፔላው ጓሮ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል፣ ሥዕሉ ወደ ታች። አጎንብሼ ገባሁና ቀና አልኩ፤ የራሶቹ ማሳ ከላዬ ላይ ነው፣ ከሥሩ ሦስት ዶሮዎች ተቀምጠዋል። ሚስማር በአንደኛው ራስ ግንባር ላይ አልፏል። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ጸጉር ቆራጩ ደንግጦ «ወላሂ፣ የግብር ሰው አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ሰዓሊው ሞተ ያለሽ ማን ነው?» አለኝ። «ጅሬን ነው ያሉት። ባለፈው ጁምዓ እዚያ ሄጄ አብረን ሰግደናል።»

እናቴ ዋሽታኛለች። መንገዱን ሙሉ ይህን ነበር የማስበው። እናቴ በስፌት ቀጠሮ ትዋሻለች፤ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይዋሻል፣ «ነገ ይደርሳል» ማለት ሙያው ነው። በሰው ሕይወት ግን ስትዋሽ አላውቅም።

ማክሰኞ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጅሬን በባጃጅ ወጣሁ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ከጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። ግራ እጃቸውን ለሰላምታ ሲያነሡ ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው። ሞዴሉ ሁልጊዜ የራሳቸው እጅ ነበር።

«አካም ጅርቱ አባባ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከማን ቤት ነሽ?»

ስልኬን ሰጠኋቸው። ደህናው ዓይናቸው አጠገብ አስጠግተው፣ የወፍጮውን ሲያዩ «ኤዬ፣ አዎ፣ ደዶ» አሉ፣ የልጃቸውን ስም እንደሚጠራ ሰው። ለምን እንዲህ ያለ ነገር ጀርባ ላይ እንደሣሉ ጠየቅኋቸው።

«ቆርቆሮ ጀርባው ካልተቀባ ዝገት ይበላዋል። የተረፈ ቀለም ደግሞ አይጣልም፣ ያሳዝናል። የተረፈውን ስትቀላቅይው ይጠቁራል። በዚያ ቀለም አበባ ልሣል?»

«ፊደል ጥርስ አውጥቶ፣ ወፍጮ ጨረቃ በልቶስ?»

«እሱ የኔ አይደለም» አሉ። «ቀለሙ እስኪደርቅ ባለ ሱቁ አጠገቤ ይቀመጣል። መጀመሪያ ፊቱ ላይ የሚጻፈውን ይነግረኛል። ዘመናዊ በል፣ ፈጣን በል። እሱ ሲያልቅበት ዝም ይላል። ከዚያ የሚፈራውን ያወራል። ሱቅ የሚከፍት ሰው ሁሉ ፈርቶ ነው የሚከፍተው። እኔም ጀርባው ላይ አደርግለታለሁ፤ ወደ ግድግዳ ዞሮ ከተሰቀለ ተመልሶ አይመጣበትም እለዋለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላህ ያውቃል፣ ሰውየው ግን ቀለል ብሎት ይሄዳል።»

ቴሌግራሙ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ። የወፍጮ ቤቱን ሰው ፍርሃት ለአሥራ አራት ሰው አሳይቼ «ሽፍት ነው» አስብያለሁ። እዚያው ቆሜ ፎቶዎቹን ከግሩፑ አጠፋሁ።

«የእናቴስ ምንድን ነው አባባ?» አልኩ። «ነገ ሊቆረጥ ነው። እሷ ደግሞ እርስዎን ሞተዋል ብላኛለች።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ደግ አደረገች። ሙት አይናገርም፣ እኔም አልናገርም። ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ጉንዳኖቹ ሄዱ ወይ በያት። ሌላ የለኝም።»

ቤት ስደርስ እናቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ጫማዬንም ሳላወልቅ «ሞቷል ያልሽኝ ሰው ጉንዳኖቹ ሄዱ ወይ ብሎሻል» አልኳት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችኝ። ከዚያ ተናገረች።

«አባትሽ እያለ የሚያነብልኝ እሱ ነበር። ሲሞት ሱቅ ልክፈት ብዬ ታፔላ አሠራሁ። ሰውየው የታችኛውን ክፍል ሊቀባ ቆርቆሮውን ዘቅዝቆት ነበር። ‹ጽሑፉ ትክክል ነው?› አለኝ። እኔም ትንሽ አየት አድርጌ ‹በጣም ትክክል ነው› አልኩት።»

ሳትስቅ ነው የነገረችኝ፤ እኔም አልሳቅኩም።

«ቀጥ አድርጎ አቆመው፣ እንደገና ‹ትክክል ነው?› አለኝ፣ እንዳልሰማ ሆኖ። ያኔ ነገርኩት። ጽሑፍ ሳይ ጉንዳን ሆኖ ይመጣብኛል፣ ሰው ሁሉ ልብሴን አልፎ የማላውቀውን የሚያይብኝ ይመስለኛል፣ አፌ ይዘጋል አልኩት። ለማንም አልነገርኩም፣ ለአባትሽ ዘመዶችም፣ ለቤተ ክርስቲያንም። መዝሙሩን በቃሌ ነበር የምይዘው፣ መጽሐፉን ገልጬ።»

«ታዲያ መቼ ተማርሽ?»

«አንቺ አንደኛ ክፍል ስትገቢ» አለች። «ጮክ ብለሽ ካላነበብሽ እራት የለም እልሽ የነበረው ለምን መሰለሽ?»

ለዚያ ነገር ስንት ዓመት ቂም ይዤባት ነበር። ሌሎች ልጆች ውጭ ይጫወታሉ፣ እኔ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሜ እጮሃለሁ። «ድገሚው፣ አልሰማሁም» ትላለች። «ጣትሽን ከሥሩ አድርጊ» ትላለች። ጣቴን ከሥሩ ሳደርግ ቀና ብላ ታያለች፤ ለመቆጣጠር ነበር የመሰለኝ። አንደኛ ክፍልን ሁለታችን ነው የተማርነው፣ እኔ ብቻ አላወቅሁም። አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ ዩኒፎርሙ ላይ እንዳይንጠባጠብ ራቅ በይ አለችኝ።

ረቡዕ ብየዳ ሠራተኛው ሜትሩን ይዞ መጣ። እናቴ ቆርቆሮውን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ለበሩ ሌላ ፈልግ አለችው። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ጓዳ ልወስደው ስል ከለከለችኝ። ከስፌት መኪናዋ በላይ፣ ሥዕሉን ወደ ሰው አድርጋ አሰቀለችኝ። «ነገ እኮ ሐሙስ ነው» አልኳት። ሐሙስ ከረቡዕ እንደሚቀጥል እንደምታውቅ ነገረችኝ።

ሐሙስ ሴቶቹ መጡ። በር ላይ ሰላምታው ደመቅ ብሎ ጀመረና ግድግዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌላዋ «እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? ከየት የመጣ መንፈስ ነው?» አለች። እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ልታነብ ተዘጋጅታለች። ለሃያ ስድስት ዓመት የደበቀችው ነገር እሷን አንባቢያቸው ላደረጉ ሴቶች ሊገለጥ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማንበብ የማልችል ጊዜ።»

ታፔላው የተሠራ ዕለት የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፣ የተዘቀዘቀውን ጽሑፍ ሳይቀር። ማንም አልሳቀም። ከዚያ መነጽራቸውን ሁልጊዜ የሚረሱት እናት ከጥግ ተነሡ። ወንበራቸውን ጎትተው እናቴ አጠገብ አስጠጉና ተቀመጡ። ሥዕሉን ሳይሆን የተገለጠውን መጽሐፍ ነበር የሚያዩት።

«እኔ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም» አሉ።

እናቴ መጽሐፉን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። «ጣትዎን ከሥሩ ያድርጉ» አለቻቸው።